አስተርጓሚው ከየትኛው ወገን ነው? የልጆቻችን የአእምሮ ሕክምና በዴንቨርና በአውሮራ

ዛሬ ስለ አራት ኪሎ ፖለቲካ አልጽፍም። ወይም የምጽፈው ያው ፖለቲካ አውሮራ ድረስ ተከትሎን መጥቶ ልጆቻችን የታመሙበት ክፍል ስለመግባቱ ነው።

ከጥቂት ወራት በፊት አንድ የዴንቨር ወዳጄ በሌሊት ደወለልኝ። የ15 ዓመት ሴት ልጁ ራሷን ለማጥፋት ሞክራ አውሮራ ውስጥ ሆስፒታል ገብታለች፤ በእግዚአብሔር ቸርነት ተርፋለች። ነርሷ በስልክ የአማርኛ አስተርጓሚ ብታቀርብለት እምቢ ብሏል። "ከየትኛው ወገን እንደሆነ በምን አውቃለሁ? ነገ አበሻ ሁሉ ይሰማዋል። አንተ ናልኝ" አለኝ። ስደርስ የ11 ዓመት ወንድ ልጁ የእህቱን ጉዳይ እያስተረጎመለት ነበር። እኔም የተሻልኩ አልነበርኩም። ነርሷ ስለ ሞት በግልጽ የተናገረችውን፣ ለአባት መንገር ከብዶኝ፣ "ትንሽ ከፍቷት ነው" ብዬ አለዘብኩት። ዶክትሬት ለዚህ አይጠቅምም።

ጉዳዩ የአንድ ቤት ብቻ አይደለም። እዚያው አውሮራ የሚገኘው ቺልድረንስ ሆስፒታል ኮሎራዶ እ.ኤ.አ. ሜይ 25 ቀን 2021 በወጣቶች የአእምሮ ጤና ላይ የአስቸኳይ ጊዜ ማወጁ ይታወሳል። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚና ሌሎች ማኅበራት በአገር ደረጃ አወጁት።

በእንዲህ ያለ ክፍል የነርስ ሥራ መርፌ መውጋት ብቻ የሚመስለን ብዙዎች ነን። ነርሷ ግን ቀበቶና የጫማ ክር ትሰበስባለች፣ ሌሊቱን ሙሉ በየደቂቃው ልዩነት እየመጣች ታያለች፣ አብራ ትቀመጣለች፣ ስለ ሞት ታስቢያለሽ ወይ ብላ ፊት ለፊት ትጠይቃለች። መጠየቁ ሐሳቡን በልጅ ጭንቅላት አይተክልም። ልጅቷ ስትወጣም ቤት ያለው መድኃኒትና ጠመንጃ እንዲቆለፍ የምታስረዳው ለወላጅ ነው። ወላጁ ያልገባው ምክር ማንን ያድናል?

እኛ የአእምሮ ሕክምና ሲባል ወዲያው የሚታወሰን "አማኑኤል ገባ" የሚለው ስድብ ነው። ለአሥርት ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል የነበረው አማኑኤል፣ እ.ኤ.አ. ከ1987 ጀምሮ የአእምሮ ሕክምና ነርሶች የሠለጠኑበት፣ እነሱም ሕክምናውን ከአዲስ አበባ ውጪ ያደረሱበት ቤት መሆኑን ግን ስንቶቻችን እናስታውሳለን?

ወዳጄን አልፈርድበትም። ከቀበሌና ከጆሮ ጠቢ ዘመን የመጣ ሰው የማያውቀውን ድምፅ ቢፈራ ምን ይገርማል? በ1997 ዓ.ም. ለቅንጅት አብረን ገንዘብ ያዋጣን ሰዎች፣ እ.ኤ.አ. ከ2020ው የሰሜን ጦርነትና ከ2023ው የአማራ ክልል ውጊያ ወዲህ የሰላምታ ያህል እንኳ የማንነጋገር ሆነናል። ለዚህ መለያየት እኔም በብዕሬ አስተዋጽኦ አድርጌያለሁ።

ይሁንና አሜሪካ ቀበሌ አይደለችም። እ.ኤ.አ. የ1996ቱ የሕክምና ምስጢር ሕግ ሆስፒታሉን ብቻ ሳይሆን የሚያሠራውን አስተርጓሚም ይይዛል። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው የፌዴራል ደንብ ደግሞ፣ አስተርጓሚ ሊገኝ የማይችልበት ድንገተኛ አደጋ ካልሆነ በቀር፣ ሕፃን ልጅ እንዲያስተረጉም አይፈቅድም። አስተርጓሚው ካልተመቸ ሌላ ይቀየርልኝ ማለት ይቻላል። በኮሎራዶ ሕግ፣ እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ፣ 12 ዓመት የሞላው ልጅ ያለ ወላጅ ፈቃድ የምክር አገልግሎት ማግኘት ይችላል። "መንግሥት ልጃችንን ሊነጥቀን ነው" የሚሉ አባቶች አጋጥመውኛል፤ እኔ ግን ለእኛ ሊናገር የፈራ ልጅ የሚናገርለት ሰው በማግኘቱ ደስ ይለኛል።

ያን ሌሊት ለወዳጄ ማለዘቤን ነገርኩት። ዝም ብሎ ቆየና ስልኩ ይምጣ አለ። አስተርጓሚዋ ስሟን ሳይሆን ቁጥሯን ነግራው ሥራዋን ጀመረች። እኔ ትንሹን ልጅ ይዤ ኮሪደር ወጣሁ። አንድ ሰዓት ያህል ተነጋገሩ።