አያትን በባቡር ወረቀት

ምድር ባቡር አምቦ አልደረሰም። በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከገባ ወዲህ ግን ከኛም አገር ሰው ሥራ ፍለጋ ወደ ሐዲዱ ወርዷል። አያቴ ከጉደር ወጥተው ድሬዳዋ ቀሩ፤ አክስቴ ዛሬም የአባታቸውን መቃብር አያውቁም። በእጃችን ያለው አንድ የደመወዝ ወረቀት ነው።

ቤታችሁ እንዲህ ያለ ወረቀት ካለ አትጣሉ። የፍራንኮ-ኢትዮጵያ ኩባንያ ሥራውን በፈረንሳይኛ ይሠራ ስለነበር ቀኑ በአውሮፓ አቆጣጠር ሊሆን ይችላል፤ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ቀንሱ። አምቦን ብታጡ «ሀገረ ሕይወት»ን ፈልጉ፤ በጃንሆይ ጊዜ ስሟ ይኸው ነበር። ስሙን ጮክ ብላችሁ አንብቡት፤ ፈረንሳዩ ጫላን ምን ብሎ እንደሚጽፈው አስቡት እንግዲህ!

የሥራ ባልደረባ ስም ካለም ያዙ። እኛ የአያቴን ሰፈር ያገኘነው በዚያ ነው። በጥር ከአክስቴ ጋር ድሬዳዋ እንወርዳለን።