መቅኔ ሽባን ያስነሳልን?



በሐይቅም ሆነ በአምባሰል እግሩ የሰለለ ዘመድ ያለው ቤተሰብ «ውጭ አገር በራስ መቅኔ ነርቭ ይጠገናል» የሚል ወሬ ሲሰማ ልቡ ቢነሳሳ አይገርምም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ሕክምና እንድንፈልግ አስተምረውናልና። ይሁን እንጂ በሬና ቤት ከመሸጡ በፊት ነገሩን እንመርምር።

ስቴም ሴል የሚባለው እየተባዛ ሌላ ዓይነት ሕዋስ መሆን የሚችል ሕዋስ ነው። በአዋቂ ሰው መቅኔ ውስጥ ያለው ዕድሜ ልክ ደም ይሠራል። በዚህም የደም ካንሰርን ማከም ከተጀመረ አሥርት ዓመታት አልፈዋል። ነርቭ ግን ይከብዳል። የተቆረጠ የእጅ ወይም የእግር ነርቭ በቀን 1 ሚሊ ሜትር ያህል ሊያድግ ይችላል፤ የአንጎልና የሕብለ ሰረሰር ነርቭ ግን መልሶ አይበቅልም ማለት ይቻላል።

በሸሪዓ በኩል፣ እ.ኤ.አ. በ2003 መካ ላይ የተሰበሰበው የራቢጣ የፊቅህ ምክር ቤት ከአዋቂ ሰው በፈቃዱና ሳይጎዳ የሚወሰድ ስቴም ሴል ለሕክምና እንዲውል ፈቅዷል። የቀረው የማስረጃ ጥያቄ ነው።

ጃፓን እ.ኤ.አ. በ2018 ሕብለ ሰረሰራቸው ለተጎዳ ሰዎች ከራሳቸው መቅኔ የሚዘጋጅ ሕክምናን በጊዜ ገድባ ፈቀደች። ሙከራው የተደረገው ማነጻጸሪያ በሌለበት በ13 ሰዎች ላይ ብቻ በመሆኑ ብዙ ሊቃውንት ነቅፈውታል። ሕክምናው አደጋው በደረሰ በሳምንታት ውስጥ ለሚጀመር እንጂ ለዓመታት ለቆየ ሽባነት አይደለም። ስለዚህ «እናድናለን» ለሚል ሁሉ ማንን፣ ስንት ሰው፣ ከማን ጋር አነጻጽረህ አዳንክ በሉት።

እኛ ዘንድ ነርቭ የሚሰብር ሌላም ነገር አለ፤ ጓያ። ከ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አጋማሽ ድርቅ በኋላ በደላንታ ዳውንት ብዙ ሰው በጓያ ተሰብሯል። ሌላ እህል ጠፍቶ ጓያ ለወራት ዋና ምግብ ሲሆን መርዙ እግርን የሚያዝዘውን ነርቭ ይጎዳል፤ እስካሁንም የሚመልሰው መድኃኒት የለም።

እህቶቼ፣ ጓያን ብቻውን ቀለብ አታድርጉት። በብዙ ውኃ ዘፍዝፋችሁ ውኃውን ድፉት፤ ከጤፍ፣ ከገብስ ወይም ከስንዴ ጋር ቀላቅሉት። እሸቱንና ቆሎውን ልጆች እንዳያዘወትሩ ጠብቁ። በክፉ ቀን ደግሞ ጓያ ብቻ ለቀረው ጎረቤት ከዘካው እህል ቀድሞ ይድረሰው። የዛሬ አንድ ቁና ገብስ ነገ ከሚመጣው ሕክምና ይበልጣል።

አላህ (ሱ.ወ.) ለታመሙት ሺፋ ይስጥልን። አሚን።