እንግሊዝኛ ለሁላችን፦ ማን ማንን መታ?

ዛሬ የምናነሳው የቃላትን ቅደም ተከተልና ሁለት ቃል ሆነው አንድ ትርጉም የሚሰጡ ግሦችን ነው። እንግሊዝኛውን እንደ ድምፁ በፊደላችን ጽፈነዋል፤ የላቲን አጻጻፉን ማታ ክፍል ውስጥ ሰሌዳ ላይ እናየዋለን።

በቅድሚያ አንድ ገጠመኝ እንንገራችሁ። ለቃለ መጠይቅ የሚዘጋጅ አንድ ወንድማችን በማታው ክፍል ታሪኩን ሲለማመድ «ማይ ብራዘር ቢት ዘ ፖሊስ» አለ። ሊል የፈለገው «ወንድሜን ፖሊስ መታው» ነበር። ከአፉ የወጣው ግን «ወንድሜ ፖሊስ መታ» ሆነ። ተበዳዩ በዳይ ሆኖ ቁጭ አለ! ክፍል ውስጥ ስለሆነ ሳቅን፤ ጠያቂ ፊት ቢሆን ግን የሚያስቅ ነገር አይደለም።

ስህተቱ ከየት መጣ? ከራሳችን ቋንቋ ነው። በአማርኛ «ፖሊስ ወንድሜን መታው» ብንልም፣ «ወንድሜን ፖሊስ መታው» ብንልም ነገሩ አንድ ነው። የተመታው ማን እንደሆነ «ን» ትነግረናለች። እንግሊዝኛ ለስም እንዲህ ያለች «ን» የለችውም። ጥንት እሱም የስም መድረሻዎች ነበሩት፤ እ.ኤ.አ. ከ1100 ወዲህ ባሉት ዘመናት ግን አብዛኞቹ ረገፉ። ስለዚህ የ«ን»ን ሥራ የሚሠራው ቦታ ነው፦ አድራጊው ከግሡ በፊት፣ የተደረገበት ከግሡ በኋላ። ትክክሉ «ዘ ፖሊስ ቢት ማይ ብራዘር» ነው።

ዓረፍተ ነገር ስትሠሩ ይህን ቅደም ተከተል ያዙ፦ ማን? ምን አደረገ? ምንን? የት? መቼ? ለምሳሌ «ትናንት ገበያ ላይ የራሽን ካርዴን ጣልኩ» የሚለው «አይ ሎስት ማይ ራሽን ካርድ አት ዘ ማርኬት የስተርደይ» ይሆናል። አስተውሉ፤ አማርኛውን ከኋላ ወደ ፊት እንደማንበብ ነው።

አሁን ወደ ጥንዶቹ ግሦች እንለፍ። «ፑት» አስቀመጠ ነው፤ «ኦፍ»ን ደግሞ ሁላችንም ከመብራት ማጥፊያ እናውቃታለን። አንድ ጊዜ ምዝገባው «ፑት ኦፍ» ሆኗል የሚል ማስታወቂያ ተለጥፎ፣ አንዳንዶቻችን «በቃ ተዘግቷል» ብለን ወደ ቤታችን ገባን። ለካ ለሌላ ቀን ተላልፏል ማለት ነው። አዲሱ ቀን ሲለጠፍ ተመልሰን አላየንም፤ ዕድሉ አለፈን።

ይህ ዓይነቱ ግስ በእኛም ዘንድ አለ። «ቁጭ አለ» ስንል ማንም «ቁጭ» ብሎ አልተናገረም። «አለ» ከ«ቁጭ» ጋር ስትገጥም ሌላ ትርጉም ታመጣለች። እነዚህንም እንደዚያው ጥንዱን ባንድ ላይ ያዙ፦

ፑት ኦፍ — ለሌላ ቀን ማስተላለፍ
ኮል ኦፍ — ጨርሶ መሰረዝ
ተርን ዳውን — ጥያቄን አለመቀበል
ፊል ኢን — ፎርም መሙላት
ሉክ አፍተር — መንከባከብ

እዚህም ላይ ቦታ ወሳኝ ነው። «ፊል ኢን ዘ ፎርም» ወይም «ፊል ዘ ፎርም ኢን» ማለት ይቻላል። «ዘ ፎርም» በ«ኢት» ሲተካ ግን መሐል ትገባለች፤ «ፊል ኢት ኢን» ብቻ ነው። የመጀመሪያዎቹ አራቱ በዚህ ይመራሉ። «ሉክ አፍተር» ግን አትከፈልም፤ «ሉክ አፍተር ኸር» እንላለን።

መልመጃ። እዚህ ካኩማ ልጆቻችን ከፍ ባሉት ክፍሎች የሚማሩት በእንግሊዝኛ ስለሆነ፣ ቡና ሲፈላ አብረዋችሁ ይሥሩ። ከልጅ መማር ነውር የለውም።

1. እናቴን ወንድሜ ይንከባከባታል።
2. ስብሰባውን ሰረዙት። («ዘ ሚቲንግ»ን በ«ኢት» ተኩ)
3. ማመልከቻዬን ቢሮው አልተቀበለውም።

መልስ፦ 1. ማይ ብራዘር ሉክስ አፍተር ማይ ማዘር። 2. ዘይ ኮልድ ኢት ኦፍ። 3. ዚ ኦፊስ ተርንድ ዳውን ማይ አፕሊኬሽን።

በመጨረሻም አንድ አደራ አለን። እንግሊዝኛ እንማር፤ ነገር ግን የቤተሰብ ዕጣ በሚወሰንበት ቃለ መጠይቅ ላይ በአማርኛ ለመናገርና አስተርጓሚ ለመጠየቅ አንፈር። የተጻፈው እንዲነበብላችሁ ጠይቁ፤ ሲነበብም «ማን ማንን?» እያላችሁ አዳምጡ። ከተገለበጠ እዚያው አስተካክሉ።

በሚቀጥለው ዕትም እስክንገናኝ ደህና ሁኑ።