ስለ ወስፋት

ያገራችን ሰው ሲርበው «ወስፋቴ ጮኸ» ይላል። በዚህም አነጋገር ወስፋት ከሰው ጋራ አብሮ የተፈጠረ፤ የምግብም ሰዓት መድረሱን የሚያስታውቅ የሆድ ዕቃ ይመስላል። ስለዚህ ብዙ ወላጆች የልጃቸው ሆድ ተነፍቶ ፊቱም ገርጥቶ ሲያዩ «ወስፋት የሌለበት ማን አለ» ብለው ዝም ይላሉ። እኛ ግን ይህ እንግዳ በየት በኩል እንደሚገባ በዛሬው ጽሑፋችን ልናስረዳ ወደድን።

ወስፋት ከአፈር ይመጣል እንጂ በሆድ ውስጥ በራሱ አይፈጠርም። ሴቲቱ ትል እስከ 35 ሳንቲ ሜትር ትረዝማለች፤ በአንድ ቀንም እስከ 200,000 እንቁላል ትጥላለች። እንቁላሉ ከዓይነ ምድር ጋራ ወጥቶ በጓሮ ወይም በሜዳ ይወድቃል፤ እርጥበትና ጥላ ካገኘም በጥቂት ሳምንት ውስጥ ሰውን ለመያዝ ይበቃል። በአፈር ውስጥ ሳይሞት ለዓመታት ሊቈይ ይችላል። ከዚያም በልጁ ጥፍር ወይም ባልታጠበ አትክልት ወደ አፍ ይመለሳል። በአንጀት የተፈለፈለው ትል ከደም ጋራ ወደ ጉበት፤ ከዚያም ወደ ሳንባ ይሄዳል፤ ከሳንባም ወደ ጉሮሮ ወጥቶ እንደ ገና ይዋጥና በአንጀት ያድጋል። አንዳንዱን ልጅ የሚያስለው በዚህ መንገድ ሲያልፍ ነው። ሲበዛም እርስ በርሱ ተጠላልፎ አንጀትን ይዘጋል፤ ያን ጊዜ ልጁ ለቀዶ ሕክምና ሊዳረግ ይችላል።

እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ2001 የዓለም ጤና ጉባኤ ትል በበዛባቸው አገሮች ከተማሪ ልጆች ከመቶ 75 ያላነሱት መድኃኒት እንዲያገኙ ወሰነ። በኢትዮጵያም በ2015 በየትምህርት ቤቱ ክኒን የማደሉ ሥራ በአገር ደረጃ ተጀመረ። አልቤንዳዞል የሚባለው ክኒን ለወስፋት አንድ ጊዜ ይዋጣል። ከዋጠ በኋላ ልጁ ትል ቢያወጣ እናቱ አትደንግጥ፤ መድኃኒቱ ሥራውን ሠርቷልና። (ኮሶ ግን ጥሬ ሥጋ በመብላት ለሚመጣው ረዥም ትል የተለመደ ነው፤ ለወስፋት ብሎ ለሕፃን ማጠጣት አይገባም።)

ነገር ግን ክኒኑ ዛሬ በሆድ ያለውን ያስወጣል እንጂ ነገ የሚገባውን አይከለክልም። ልጁ መድኃኒት ውጦ ወደዚያው ጓሮ ከተመለሰ ከጥቂት ወራት በኋላ እንደ ቀድሞው ይሆናል። አንድ ቤት ብቻውን መጸዳጃ ቢቈፍር የጎረቤቱ ሜዳ ያሸንፈዋል፤ ስለዚህ ሥራውን እድርተኛው በኅብረት ቢይዘው ይሻላል። ውሃ ከሩቅ ተሸክማ የምታመጣን እናት ስለ ንጽሕና መገሠጽ ግን ለእኛ ተገቢ አይመስለንም። ውሃዋ ጥቂት ከሆነ ለሁለት ጊዜ ትቈጥበው፤ ይኸውም ከመጸዳጃ መልስና ምግብ ከመንካት በፊት ነው።

ከሦስት ዓመት በታች ላለ ሕፃን ክኒኑ ተደቍሶ በጥቂት ውሃ ይሰጠዋል። እያለቀሰ አፍንጫውን ይዞ ማጋት ያንቀዋልና ዝም እስኪል ይጠበቅ። ነፍሰ ጡር ሴትም የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት ሳታልፍና ሐኪም ሳትጠይቅ ክኒኑን አትውሰድ።