«ጌም» ተብሎ ስለተናቀው በረራ

አንባቢ ሆይ፥ ይህ ጽሑፍ ሙግት ነው። ሙግቱ ከአንድ ሰው ጋር አይደለም። በወልድያ ሻይ ቤቶች፣ በመርሳ የማንጎ ጥላ ሥር፣ አልፎ አልፎም በእኛው በሥነ ጽሑፍ ወዳጆች ምሽት ላይ ደጋግሜ ከሰማሁት ከአንድ ዐረፍተ ነገር ጋር ነው፦ «ጊዜውን በአውሮፕላን ጌም ያቃጥላል።» ይህ የሚባለው አሮጌ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጦ በረራ ስለሚለማመድ ወጣት ነው። ተናጋሪው ራሱን ይነቀንቃል፤ አድማጩም አብሮ ይነቀንቃል፤ ጉዳዩም በዚያው ይዘጋል። እኔ ግን እንዲዘጋ አልፈቅድም።

የእህቴ ልጅ መርሳ ይኖራል። 12ኛ ክፍልን ጨርሶ የአብራሪነት ሥልጠና ማስታወቂያ ከሚጠብቁት አንዱ ነው። በነጻ የሚገኘውን ፍላይትጊር የተባለውን የበረራ ማስመሰያ ፕሮግራም ከሁለተኛ እጅ ኮምፒውተር ላይ ጭኗል። የመሪ እጀታ የለውም፤ የእግር ፔዳልም የለውም፤ አውሮፕላኑን የሚነዳው በኮምፒውተሩ ቁልፎች ነው። ይሁንና ደብተር አለው። ባረፈ ቁጥር ቀኑን፣ የነፋሱን አቅጣጫ፣ የፍጥነቱን መጠንና ያጠፋውን ጥፋት ይጽፋል። እኔም የግጥም ደብተር አለኝ፤ ሁለቱን ጎን ለጎን ሳያቸው ሥርዝ ድልዝ የሚበዛው በእሱ ላይ ነው። ከሁለታችን ማንኛችን ይበልጥ እንደምንሠራ ፍርዱን ለእናንተ እተወዋለሁ።

ለመሆኑ ይህ «ጌም» ምን ይጠይቃል? አንድ ምሳሌ ብቻ ልስጥ። የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ጠለል በላይ 2,334 ሜትር ገደማ ነው። በዚያ ከፍታ አየሩ ስስ ነው፤ ሞተሩ የሚተነፍሰው ያንሳል፤ ክንፉም የሚደገፍበት ያንሳል። በባሕር ዳርቻ ለተጻፈ መመሪያ እንደሚገባው የነዳጁን ድብልቅ ሙሉ በሙሉ ከፍቶ ትንሿን ሴስና 172 ከቦሌ ለማስነሣት የሞከረ ሰው ሞተሩ ሲታፈንና ጉልበት ሲያጣ ያያል። ነዳጁን ማሳሳት፣ ረዘም ያለ መንደርደሪያ ማስላት፣ ቀስ ብሎ መውጣትን መታገሥ አለበት። ልጁ ይህን የተማረው ከማንም አይደለም፤ ሦስት ጊዜ አጥሩን ጥሶ ከወጣ በኋላ «ጋሼ፥ አየሩ ቀጭን ነው ለካ!» አለኝ። በፊዚክስ መጽሐፉ ውስጥ የአየር ግፊትን ትምህርት ተፈትኖበት አልፎ ነበር። የገባው ግን ያን ዕለት ነው።

የነገሩን ታሪክ ለማያውቁ ደግሞ ላስታውስ። ኤድዊን ሊንክ የሚባል አሜሪካዊ ወጣት በቢንግሃምተን ከተማ በአባቱ የፒያኖና የኦርጋን ፋብሪካ ይሠራ ነበር። መብረር ይወድ ነበር፤ የመማሪያው ዋጋ ግን ከአቅሙ በላይ ነበር። ስለዚህ የኦርጋን ወናፎችን ሰብስቦ፣ በነፋስ ግፊት የምትዘነብልና የምትሽከረከር፣ ክንፏ አጭር የሆነች ሣጥን ሠራ። ይህ የሆነው እ.ኤ.አ. በ1929 ነው። ማን ገዛው? መዝናኛ ፓርኮች ገዙት! ሕፃናት በሳንቲም የሚጋልቡበት መጫወቻ ሆነ፤ የጊዜው ሊቃውንትም «ጌም» ብለው አለፉት። እ.ኤ.አ. በ1934 ግን የአሜሪካ ጦር የፖስታ በረራ ተረክቦ አብራሪዎቹ በጭጋግና በሌሊት እየተከሰከሱ ሲያልቁበት፣ ሮጦ ስድስት «መጫወቻ» ገዛ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ አየርተኞች በዚያች ሣጥን ውስጥ አለፉ። የመዝሙር መሣሪያ ወናፍ ሰው ከሞት ማዳኑ ለእኛ ለግጥም ሰዎች ሊያስደንቀን ይገባ ነበር፤ (ነገር ግን እኛ የሚያስደንቀን ጨረቃ ብቻ ሆናለች)።

ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ የኢትዮጵያ አየር መንገድ የሚያሠለጥንባቸው ግዙፍ ሲሙሌተሮች በእግሮቻቸው ላይ ቆመው ይወዛወዛሉ። የዚህ ዓይነት መሣሪያ ከፍተኛው ደረጃ ምን ያህል እንደሚታመን ታውቃላችሁን? ልምድ ያለው አብራሪ ወደ አዲስ ዓይነት አውሮፕላን ሲዛወር፣ ሥልጠናውን በሲሙሌተር ብቻ ጨርሶ፣ ያንን አውሮፕላን በእውነት የሚያበርበት የመጀመሪያው ቀን መንገደኞች የተሳፈሩበት ቀን ሊሆን ይችላል። ሕጉ ይፈቅዳል። እናንተ ከኋላ ወንበር ላይ ቡና ስትጠጡ፣ ከፊት ያለው ሰው እስከ ትናንት ድረስ ያንን ክንፍ ያወቀው በማስመሰያ ነው። ቅሬታ አቅርባችሁ ታውቃላችሁ? አታውቁም። እንግዲህ ማስመሰል በራሱ ነውር አይደለም፤ ነውር የሆነው በመርሳ ሲደረግ ነው ማለት ነው።

እኔ ባንክ ቤት ነው የምሠራው። ወደ መስኮቱ ከመቅረቤ በፊት በመለማመጃ ሲስተም ላይ ሳምንታት አሳልፌአለሁ። የሌሉ ደንበኞች፣ የሌለ ሒሳብ፣ የሌለ ገንዘብ! በዚያ ሲስተም ውስጥ ለማይኖር ሰው በሚሊዮን የሚቆጠር ብር ከፍዬ፣ አመሻሽ ላይ ሒሳቤ አልገጥም ብሎኝ ላብ አጥምቆኛል። አለቆቼ «ጌም ትጫወታለህ» አላሉኝም፤ ሥልጠና ነው ብለው አበል ከፈሉኝ።

ስለ ቅኔ ቤት ደግሞ ማን ለእኛ ይነግረናል? ወሎ እኮ የአብነት ትምህርት አገር ናት። ተማሪው ገና ከጅምሩ መወድስ አይሰጠውም። በሁለት ቤቷ በጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ ከዛፍ ሥር ወይም ከገደል አፋፍ ብቻውን ተቀምጦ ሲቆጥር ይውላል፤ ማታ ለመምህሩ ይነግራል። የነገረው በማኅሌት አይዘረፍም፤ ማንም አይሰማውም። ታዲያ በዚያ ገደል አፋፍ ላይ የተቀመጠውን ልጅ «ጊዜውን ያቃጥላል» ያለው ማን ነው? የቤት ውስጥ ሲሙሌተር የበረራ ጉባኤ ቃና ነው። ምስጋናውም ነቀፌታውም ከዚህ ንጽጽር ይወጣል፤ ምክንያቱም ጉባኤ ቃናን ቅኔ የሚያደርገው የመምህሩ እርማት ነው።

እዚህ ላይ ከእውነተኞቹ ተሟጋቾች ጋር እንገናኛለን። ራስ ነቅናቂዎቹን ትቼ የማከብራቸው የበረራ አስተማሪዎቹን ነው። እነርሱ የሚሉት ሌላ ነው፦ «ቤቱ ተለማምዶ የሚመጣ ተማሪ ክፉ ልማድ ይዞ ይመጣል።» ልክ ናቸው! ዓይኑን ከመስኮቱ ነቅሎ በመለኪያዎቹ ላይ ይተክላል፤ አድማሱን አይቶ ማብረር ሲገባው መርፌ ያሳድዳል። እግሩ ሥራ ፈት ነው፤ ፔዳል አያውቅምና። የመሪው ክብደት፣ በወንበሩ በኩል የሚሰማው መስመጥና መነሣት፣ በደመና ውስጥ የጆሮ ሚዛን የሚነግረው ውሸት፣ እነዚህ ሁሉ በኮምፒውተር ሰሌዳ ላይ የሉም። ሕግም ይህን ያውቃል። በአሜሪካ ለግል አብራሪነት ከሚጠየቀው ቢያንስ 40 ሰዓት ውስጥ በተፈቀደ መሣሪያና በአስተማሪ ፊት የተሠራው እንኳ ከ2.5 ሰዓት በላይ አይቆጠርም፤ ብቻውን በቤቱ ኮምፒውተር የበረረው ደግሞ ዜሮ ነው።

እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2018 በሲያትል የሆነውንም አልሸሽግም። አብራሪ ያልሆነ የምድር ሠራተኛ ባዶ ኪው 400 አውሮፕላን ሰርቆ ተነሣ፤ እኛም በአገር ውስጥ በረራ የምንሳፈርበት ዓይነት ነው። ለበረራ ተቆጣጣሪዎቹ በቪዲዮ ጨዋታ እንደሚያውቀው ነገራቸው። ከአንድ ሰዓት በላይ በአየር ላይ ቆየ፤ ገለበጠው፤ መጨረሻውም ሞት ሆነ። መነሣትን ጨዋታ ሊያስተምር ይችላል። መመለስን የሚያስተምር ግን ሌላ ነው።

ነገር ግን ከዚህ ሁሉ የሚከተለው ምንድን ነው? «እንግዲያው ልጁ ኮምፒውተሩን ይዝጋ» አይደለም። የሚከተለው «እንግዲያው አራሚ ይሰጠው» ነው። ክፉ ልማድ የሚመጣው ከመለማመድ አይደለም፤ ያለ አራሚ ከመለማመድ ነው። የመነሻ ዝርዝር ቼክን በቃል እስኪይዝ ማንበብ፣ በማረፊያው ዙሪያ ያለውን የበረራ አራት ማዕዘን መቁጠር፣ የሬዲዮ አነጋገሩን በእንግሊዝኛ ምላሱ እስኪፈታ መደጋገም፣ ከጣቢያ ወደ ጣቢያ አቅጣጫ መያዝ፤ እነዚህ የጭንቅላት ሥራዎች ናቸው፤ ጭንቅላት ደግሞ መርሳም ላይ አለ።

አራሚ በሌለበት የሚሆነውን ማየት ለሚፈልግ የአስመላሽ ዘፈሩን ታሪክ ያንሣ። አስመላሽ አብራሪ ለመሆን አመልክቶ በቁመቱ አንድ ሴንቲሜትር ጎድሎ ተመለሰ። ተስፋ አልቆረጠም፤ ከበረራ መጻሕፍትና ከዩቲዩብ እየተማረ፣ በአሮጌ ቮልስዋገን ሞተር የምትንቀሳቀስ አውሮፕላን በገዛ እጁ ሠራ። ስሟን «ኬ-570ኤ» አላት፤ «ኬ» ለእናቱ ስም፣ 570 ለሠራባት ቀናት ብዛት። እ.ኤ.አ. በ2015 ሊያስነሣት ሞከረ፤ ዓለም አቀፍ ጋዜጠኞች መጡ፤ እኛም በፌስቡክ አጨበጨብን። የዚያ ሰው ጽናት ያስለቅሰኛል። ግን ጭብጨባችን ያሳፍረኛል። አንድ ሰው ያልተፈተነ ክንፍ ላይ አንገቱን ሲያኖር «ጀግና» እንለዋለን፤ ሌላው አንገቱን ሳያኖር አንድ ሺህ ጊዜ ወድቆ አንድ ሺህ ጊዜ ሲነሣ «ጌም» እንለዋለን። ይህ ምን ዓይነት ሚዛን ነው? አገራችን ሞትን ካላየች ቁም ነገር አይመስላትም ልበል?

ልምምድን መናቅ ዋጋ እንደሚያስከፍል ደግሞ ከእኛ በላይ የሚያውቅ ሕዝብ ሊኖር አይገባም ነበር። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከቦሌ ወደ ናይሮቢ የተነሣው ኢቲ 302 በስድስት ደቂቃ ውስጥ በቢሾፍቱ አቅራቢያ ወደቀ፤ 157 ነፍስ ጠፋ። ቦይንግ ያንን ማክስ የተባለ አውሮፕላን ሲሸጥ ከተናገራቸው ማባበያዎች አንዱ «የቀድሞውን 737 የሚያበሩ አብራሪዎች አዲስ የሲሙሌተር ሥልጠና አያስፈልጋቸውም» የሚል ነበር። ለሳውዝዌስት አየር መንገድማ፣ ሲሙሌተር አስፈላጊ ሆኖ ከተገኘ በአንድ አውሮፕላን 1 ሚሊዮን ዶላር ሊቀንስለት ተዋውሎ ነበር። አብራሪዎቹ የተሰጣቸው በኮምፒውተር የሚነበብ አጭር ትምህርት ነበር። ኤምካስ የሚባለው አፍንጫ ደፋቂ ሥርዓት ስሙ እንኳ አልተነገራቸውም፤ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2018 በኢንዶኔዥያ 189 ሰዎች እስኪያልቁ ድረስ። ሲሙሌተር ግዴታ የሆነው ከሁለቱ አደጋዎች በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2020 ነው። በዚያ ስሌት ልምምድ ወጪ ነበር።

የነገሩ መራራ ክፍል ደግሞ ይህ ነው፦ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2019 ቦይንግ የማክስ ሲሙሌተሮቹ ራሳቸው ጉድለት እንደነበረባቸው አመነ። በከፍተኛ ፍጥነት የትሪም ጎማውን በእጅ ማዞር ምን ያህል እንደሚከብድ በትክክል አያሳዩም ነበር። የእኛዎቹ አብራሪዎች በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች በእጅ ሊያስተካክሉት ሞክረው ያልሆነላቸው ያው ትሪም ነው። እንግዲህ በሚሊዮን ዶላር የሚገዛውም ማስመሰያ ይዋሻል፤ የሚዋሸውም ሠሪው ባላሰበበት ቦታ ነው። ይህን የሚያውቅ ተማሪ የመርሳው ልጅ ቢሆንስ? በእሱ ፕሮግራም ውስጥ የመርሳ የማንጎ ተክል የለም፤ የወልድያ ስታዲየም የለም፤ ከሲሪንካ በላይ ያለው ተራራ ቅርጹ ጠፍቶ እንደ ድንኳን ቆሟል። ከመስኮቱ ውጭ ያለውን እውነተኛ ተራራ ስለሚያይ ማስመሰያው የት እንደሚዋሽ በየቀኑ ያውቃል። «ጋሼ፥ ካርታው ውሸት ነው፤ ነፋሱ ግን እውነት ይመስለኛል» ብሎኛል። ይህ አስተያየት ከብዙ ሂሳዊ ጽሑፎች ይሻላል።

በሌላው ጎራ ያሉትን፣ «በቤትዎ ሆነው አብራሪ ይሁኑ» እያሉ ለእነዚህ ልጆች የምስክር ወረቀት ሊሸጡ የሚሞክሩትንም በአንድ ቃል ልለፍ፦ ሌቦች ናቸው።

የምጠይቀው ትልቅ ነገር አይደለም። በ2013 መጨረሻና በ2014 መጀመሪያ ጦርነት፣ ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ ሌላ ግጭትና የኢንተርኔት መቋረጥ የተፈራረቀበት የእኛ አካባቢ ወጣት ትምህርቱ ስንት ጊዜ እንደተሰበረ እናውቃለን። መደበኛ የመንገደኛ በረራ በሌላት ወልድያ አውሮፕላን በቅርብ አይቶ የማያውቅ ልጅ ለመብረር ሲዘጋጅ ቢያንስ አታሾፉበት። በወልድያ ቤተ መጻሕፍት አንድ ጥግ፣ ሁለት ያገለገሉ ኮምፒውተሮች፣ አንድ የመሪ እጀታ፣ አንድ ጥንድ ፔዳል፤ ወጪው ለአንድ የግጥም ምሽት ከምናወጣው የድምፅ ማጉያ ኪራይና የለስላሳ ሒሳብ ብዙ አይርቅም፤ (ሒሳብ ሥራዬ ነው፤ እመኑኝ)።

ጡረታ ለወጣችሁ አብራሪዎችና አስተማሪዎች ደግሞ ይህን እላለሁ። በሰው አገርም ሆነ በአዲስ አበባ ሆናችሁ «ቤቱ የተማረ ተበላሽቶ ይመጣል» የምትሉ፥ ከመበላሸቱ በፊት እዩት። ፕሮግራሙ እያንዳንዱን በረራ ይቀዳል። ልጁ አንዱን ማረፊያውን ይልክላችኋል፤ እናንተ ሦስት ጥፋት ብቻ መርጣችሁ ትጽፉለታላችሁ፤ እሱም በደብተሩ ላይ አሥፍሮ ደግሞ ይሞክራል። ፋይሉ ከአንድ ዘፈን አይበልጥም፤ የመርሳ ኢንተርኔት እሱን ለመላክ አያቅተውም፤ በሚሠራበት ቀን።