ልጆቻችንን ገበያ እናውጣ



ትምህርት ቤት ተዘግቶ ልጆች ቤት የሚውሉበት ክረምት ነው። በየቤቱም «ጫማ ግዙልኝ፣ ቦርሳ ግዙልኝ» ጭቅጭቅ ነው። ገንዘብ እንዴት እንደሚመጣ ያላሳየነው ልጅ ይህን ቢል ምን ይፈረድበታል?

እኔም ባለፈው ቅዳሜ የ15 ዓመት ልጄን ይዤ መርካቶ ወረድኩ። በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፣ ገበያው ከአራዳ ጊዮርጊስ ወደዚህ መዛወሩን እያጫወትኩት ምን አለሽ ተራ ገባን። የተጣለ በርሜል ተቀጥቅጦ ምድጃ፣ ያለቀ ጎማ ተቆርጦ ጫማ ሲሆን አየ። ቀጥሎ ቦርሳ ዋጋ ጠይቅ ብዬ ላክሁት። ሦስት ቦታ ጠይቆ ሦስት ዋጋ ይዞ መጣ። ወዲያው ስፌቱንና ዚፑን እያየ መከራከር ጀመረ።

የገዛነውን የሚሸከም ስንጠራ ግን የመጣው የክፍል ጓደኛው ሆኖ ተገኘ። ለመስከረም ደብተር መግዣ ይሠራል። ልጄ አፍሮ ፊቱን ሊያዞር ሲል «ሰላም በለው እንጂ!» አልኩት። ዕቃውን ተካፍለው ተሸከሙ። እኔም የሸክሙን ዋጋ ልቀንስ የከፈትኩትን አፌን ዘጋሁ።

ስለዚህ ወላጆች፣ አደራ የምንለው ይህን ነው፤ በዚህ ክረምት አንድ ቀን ልጆቻችሁን ገበያ አውጧቸው። ዋጋ ይጠይቁ፣ ሂሳብ ይያዙ፣ መልስ ይቁጠሩ፣ ኪሳቸውንም ይጠብቁ። ከሁሉም በላይ ሠርቶ የሚያድር ሰው እንደማይናቅ ይወቁ። በሰፈራችንም ለደብተሩ የሚሠራ ልጅ አለ እኮ! ስናሠራው የላቡን እንክፈለው።

የማኅበሩ ጸሐፊ