ቤት ከመግዛታችን በፊት እናስመርምር

ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ቤት ግዢ ነው።

በሬ ስንገዛ ጥርሱን እናያለን። እናስኬደዋለን። ሰኮናውን እንመለከታለን። ከብት የሚያውቅ ጎረቤትም ይዘን ገበያ እንወጣለን። ቤት ግን ዋጋው ከብዙ በሬ ይበልጣል። ታዲያ ብዙ ሰው በር ላይ ቆሞ አየት ያደርግና «ደህና ነው» ብሎ ገንዘቡን ይቆጥራል። ነገሩ ያስገርማል።

አንድ ገበሬ ልጆቹ በወረዳው ከተማ እንዲማሩለት ቤት ይፈልጋል እንበል። የሁለት ዓመት ሰብል ሸጧል። ያየው ቤት ግድግዳው አዲስ ተመርጓል፤ ያምራል። መጠንቀቅ እዚህ ላይ ነው። ቤቱ ሊሸጥ ሲል የተመረገ ግድግዳ በውስጡ የያዘው አይታይም።

ስለዚህ ገበሬው ሙያውን የሚያውቅ አናጢ ይዞ ይሂድ። የሚከፍለው የአንድ ቀን ዋጋ ነው።

አናጢው ምን ያያል? መጀመሪያ ወደ ታች ያያል። የጭቃ ቤት የሚሞተው ከእግሩ ነው። ቋሚው ከመሬት የሚገናኝበትን ቦታ ጫር ጫር አድርጎ በቢላዋ ይወጋል። ቢላዋው ዘው ካለ እንጨቱ በስብሷል፣ ወይም ምስጥ በልቶታል። በመዶሻም መታ መታ ያደርገዋል። እንደ ባዶ ቅል ከጮኸ ውስጡ አልቋል። በግድግዳው ላይ የሚወጣ ቀጭን የአፈር መስመር ካለ የምስጥ መንገድ ነው። የእንጨቱንም ዓይነት ጠይቁ። ባሕር ዛፍን መሬት ውስጥ ምስጥ ቶሎ ይበላዋል። ጽድና ወይራ ግን ይበረታሉ።

ስንጥቅ ሁሉ አንድ አይደለም። ጭቃ ሲደርቅ የሚተወው ቀጭን ስንጥቅ አያሰጋም። ከበር ወይም ከመስኮት ማዕዘን ተነሥቶ በሰያፍ የሚወጣ፣ ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ ግን መሠረቱ ሳይንቀሳቀስ አይቀርም። መረሬ አፈር ላይ የተሠራ ቤት እንዲህ ያለ ችግር ያገኘዋል። መረሬ በክረምት ያብጣል፤ በበጋ ይሰነጠቃል። ቤቱንም አብሮ ያነሣዋል፣ ያወርደዋል።

ለጣሪያው ብዙ ሙያ አያስፈልግም። በቀን ገብታችሁ በሩን ዝጉና ቀና በሉ። ብርሃን እንደ ኮከብ ብልጭ ካለ ዝናብም በዚያው ይገባል። ቢቻል ቤቱን በሐምሌ ወይም በነሐሴ እዩት። በጥርማ ሁሉም ቤት ደረቅ ነው!

ሻጩ ደግሞ «የቤቴን ጉድ ለምን ላውጣ?» ይል ይሆናል። ነገር ግን ቀድሞ ቢያስመረምር ሁለት ቋሚ ለውጦ በደህና ዋጋ ይሸጣል። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭን ለተደበቀ ጉድለት ተጠያቂ ያደርገዋል። ገዢው እያወቀ ለገዛው ጉድለት ግን አይጠየቅም። እንግዲህ ጉድለቱን በውሉ ላይ ማስጻፍ ለራሱ ለሻጩ መከላከያ ነው።

አናጢውን ገዢው ራሱ ይምረጠው። ደላላ የሚከፈለው ቤቱ ሲሸጥ ነው፤ እሱ ያመጣው አናጢ ምን እንደሚል መገመት ነው።

የቤት ሽያጭ ውል በጽሑፍ ካልሆነ በሕግ አይጸናም። አናጢው ያገኘው ጉድለትና ማን እንደሚጠግነው እዚያው ይጻፍ። ከመፈረማችሁ በፊት ውሉን ራሳችሁ አንብቡት። በጣት እየተከተላችሁ፣ ቀስ ብላችሁም ቢሆን ግድ የለም። ጸሐፊው ይጠብቅ።